ማንም አላስተማረኝም

የሬዲዮ አዘጋጁ «ማን አስተማረህ?» ብሎ እጁን ወደ ጊታር ተጫዋቹ ሲዘረጋ፣ ጥሩምባ የሚሉት የባንድ ጓደኛው ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው። ረገጣው ምክር ነበር፤ ዛሬ እንኳ እውነቱን ተናገር ለማለት። ጓደኛው እግሩን ሰበሰበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲለው የኖረውን በቀጥታ ሥርጭት ደገመው።

«ማንም አላስተማረኝም። በራሴ ነው።»

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ወይም ዘመድ አዝማድ ካለ የታደለ ነው። መዋኘት ማን አስተማረህ? በራሴ። ክራባት ማሰርስ? በራሴ። ወሬውን ለሚሰማ ሰው፣ ሲወለድ እናቱ እንኳ አጠገቡ የነበረች አይመስልም። መኪና መንዳት በራሱ በተማረ በሦስተኛው ቀን የጎረቤት አጥር ይዞ ገባ፤ «አጥሩ እኮ ያለ ቦታው ነው የቆመው» ብሎ ባለቤቱን ይቅርታ ሊያስጠይቅ ምንም አልቀረው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ባንዳቸው በሚለማመድበት ክፍል ውስጥ የድምፅ ማጉያውን ፈታትቶ ሲጠግን እሳት አስነሣ። ጥሩምባ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ጃኬቱን አውልቆ፣ አፍኖ አጠፋው። ጃኬቱ ከጥቅም ውጭ ሆነ። በማግስቱ ታሪኩ ለባንዱ ሲነገር ግን እሳቱም የጠፋው በራሱ ነበር።

ስለዚህ «ክቡር በራሴ» ብለው ሾሙት። ሹመቱን በደስታ ተቀበለ።

የሮክ ባንዱን የመሠረቱት ሁለቱ ናቸው፤ ዘፈኖቹንም የሚደርሱት እነሱው ናቸው። ጥሩምባ የመጣው ከእሳት አደጋ ሠራተኞች የማርሽ ባንድ ነው። እዚያ ትሮምቦን የሚባለውን ረጅም ጥሩምባ ይነፋ ነበር፤ ስሙም ከዚያ ወጣለት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። በሰልፍ መሐል የእሳት ጥሪ ይመጣ ስለነበር እስከ ዛሬ የሚጫወተው በአንድ ጆሮው በሩን እየጠበቀ ነው።

ክቡር በራሴ የመጣው ከአንድ ክፍል ቤት ነው። ታላቅ እህቱ፣ እሱም ጥሩምባም «እትዬ» የሚሏት፣ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ከሥራ መልስ ያላለቀ ወረቀት ይዛ እየመጣች ቤት ባላት ታይፕ ትጽፋለች። አንዲት ባልደረባዋ ስትዛወር ትታላት የሄደችውን ጊታር ተለማመደችና ወንድሟን አስተማረችው። ጣቶቹን እየያዘች፣ «ይቺ እዚህ፣ ይቺ እዚህ፣ ሳታይ» ትለው ነበር። እሷም የምትጽፈው ሳታይ ነበርና።

ምት የሚቆጥርለት ሌላ ነገር ስላልነበረ በታይፑ ድምፅ ተለማመደ። እሷ ስትመታ እሱም ይመታል። መሥመሩ ሊያልቅ ሲል ታይፑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ደወል ትጮሃለች፤ እትዬ ወረቀት የያዘውን የታይፑን ራስ ወደ ቀኝ ገፍታ እስክትመልሰው ድረስ እሱም እጁን አንሥቶ ይጠብቃል። ሙዚቃ ሁሉ እንዲህ የሚጠብቅ መሰለው።

ሁለቱ መጀመሪያ አብረው በተለማመዱ ዕለት ጥሩምባ በየመሥመሩ መጨረሻ ይደናቀፍ ጀመር። እዚህ ጋ የምትቆመው ምን ሆነህ ነው ብሎ ጠየቀው። «ደወል ነዋ» አለ ያኛው፣ ሕፃን የሚያውቀውን ነገር እንደ ተጠየቀ ሰው። ጥሩምባ ሁለት ሳምንት ሊያርመው ታገለ፤ ከዚያ ተሸንፎ አብሮት መጠበቅ ጀመረ። ያቺ ስሕተት ናት ባንዱን ባንድ ያደረገችው። ከበሮ መቺዎች መጥተው ሄደዋል፤ ሁሉም ሲገቡ መጀመሪያ የሚማሩት ደወሉን መጠበቅ ነው። ከየት እንደ መጣ የሚያውቁት ግን ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ከሦስቱ አንዷ፣ እትዬ፣ ከቃለ መጠይቁ አንድ ቀን ቀደም ብላ ለጥሩምባ ስልክ መታች። የጠየቀችው ስንት ሰዓት እንደሚተላለፍ ብቻ ነበር። ሰዓቱን ነገራት፤ እሷ ግን አልዘጋችም።

«ቢሮ ውስጥ ተናግሬያለሁ» አለች።

«ምን ብለሽ እትዬ?»

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ ብዬ። ሣቁብኝ። እንግዲያው ነገ ስሙት አልኳቸው። በዚህ ዕድሜዬ ምን ነካኝ?»

«ይናገራል» አላት ጥሩምባ። በምን ተማምኖ እንዳላት እሱም አያውቅም።

አሁን ስቱዲዮው ውስጥ አዘጋጁ ሳያውቀው ሁለተኛ ዕድል ይዞ መጣ። በዘፈኖቻችሁ ውስጥ ስላለችው ዝምታ፣ «ደወል» ስለምትሏት፣ ጋዜጦች ብዙ ጽፈዋል፤ ለመሆኑ ከየት መጣች አለ። ክቡር በራሴ ዐይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሎ፣ እንዲሁ ከውስጡ እንደ መነጨች አስረዳ። ጥሩምባ ሊረግጠው እግሩን ዘረጋ። የሚረገጥ እግር አልነበረም፤ ክቡርነታቸው ወንበራቸው ሥር አጥፈውታል።

ቀጥሎ ተራው የጥሩምባ ሆነ። እሱ የማርሽ ባንዱን አለቃ አመሰገነ። ትንፋሽ አያያዝ ያሳየውን የእሳት አደጋ መኪና ሹፌር አመሰገነ። ትሮምቦኑን ይወለውልለት የነበረውን ዘበኛ እንኳ አልረሳም። አንዲት ሴት ቀረች። እሷን ማንሣት የወንድሟ ፈንታ ነው ብሎ ተዋት። በኋላ ደጋግሞ ሲያስበው፣ ከዘበኛው ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚበቃ ጊዜ ነበረው። አዘጋጁ ትንሽ ጠብቆት ነበር።

ሲወጡ ጥሩምባ ኮሪደሩ ላይ ያዘው።

«እትዬን ለምን አላነሣሃትም?»

ክቡር በራሴ ከልቡ ግራ ገባው። «እሱ የጠየቀኝ ማን አስተማረህ ብሎ እኮ ነው።»

«እኮ።»

«ማን ማለት ባዳ ነዋ። እትዬ ለእኔ ከመቼ ወዲህ ነው ማን የሆነችው? በራሴ ስል እኮ እሷም አለችበት።»

ጥሩምባ ሊቆጣ የከፈተውን አፍ ዘጋው። ሠላሳ ዓመት ትዕቢተኛ ነው ብሎ ሲሳለቅበት የኖረው ጓደኛው፣ ለካ ራሱን ከእህቱ ለይቶ ቆጥሮ አያውቅም። ለአጥሩና ለማጉያው የሚሆን ሰበብ አይደለም። ቢሆንም ከዚያ ቀን የበለጠ ወዶት አያውቅም። የሚያናድደው፣ እንዲህ ያለው «በራሴ» በሬዲዮ ሲሄድ ሌላ ሆኖ መሰማቱ ነው።

«ሂድና ይህንኑ ንገራት» አለው።

«ታውቃለች እኮ።»

«ቢሮዋ ያሉት አያውቁም። ስሙት ብላቸው ነበር።»

ክቡር በራሴ ግድግዳውን ተደገፈ። ስልኩን አወጣ፣ ቁጥሯን አየ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ምን ብዬ ነው የምጀምረው? አሳየኝ እስቲ።»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ አሳየኝ ሲል ጥሩምባ የሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሊያሳየው ግን አላወቀበትም። ሁለቱም እዚያው ቆመው ቀሩ፤ አንዲት ጸሐፊ መንገድ ልቀቁልኝ እስክትላቸው ድረስ።

እትዬ በዚያው ሳምንት ዓርብ ጡረታ ወጣች። በሽኝቱ ላይ የክፍሉ ኃላፊ ሰዓት አክባሪነቷን አመሰገነ፤ ስለ ሙዚቃ የተነሣ ነገር አልነበረም።