ባለ ሁለት ስንዝሯ የቆሻሻ መኪና

የከተማችን የጽዳት መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ ጀምሮ ያስመዘገባቸው ድሎች ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ሁለት ስንዝር ርዝመት ባላት የቆሻሻ መኪና የተገኘውን ድል የሚስተካከል የለም። ይህን የምጽፈው እኔ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነኝ። ጉዳዩን የሚመለከቱ ደብዳቤዎች በሙሉ በእጄ አልፈዋል፤ ማኅተሙንም ያሳረፍኩባቸው እኔ ነኝ። ለሌሎች ከተሞች ተሞክሮ ይሆን ዘንድ የሆነውን ሁሉ ሳልጨምርና ሳልቀንስ አቀርባለሁ።

መሥሪያ ቤታችን አንድ ትልቅ የቆሻሻ መኪና አለው። ሞተሩ ይነሳል፣ ጎማው ይዞራል፣ ጡሩምባውም ከሩቅ ይሰማል። ገንዳ ማንሳት ብቻ ነው የተወው። ከካምቢዮው ጉልበት ተቀብላ የማንሻውን ፓምፕ የምታዞር፣ መዳፍ የምታህል፣ ዙሪያዋን ሹል ሹል ያወጣች አንዲት የብረት ክብ፣ በእኛ አጠራር «ጥርስ»፣ ተበልታ፣ መኪናው ግቢው ውስጥ ከቆመ አምስተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ሾፌሩን ሁላችንም ጋሽ ፍሬን እንላቸዋለን፤ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው ትእዛዝ ሳይጻፍላቸው አንድ ሜትር ነድተው አያውቁም። በእነዚያ አምስት ወራት በየጠዋቱ መኪናውን አስነስተው፣ አሙቀው፣ አጥፍተው፣ መሪው ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው የሥራ ሰዓታቸውን ይሞሉ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ መካኒክ ወፍራም መነጽር የምታደርግ፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። የተበላችው ጥርስ እንድትቀየር ስምንት ደብዳቤ ጻፈች። ለመጀመሪያው «ጥያቄው ደርሶናል» ተባለች፤ ለአራተኛው «ጥያቄው እየታየ ነው»። ለስምንተኛው የመጣው መልስ እንዲህ ይላል፤ «አንዲት ጥርስ ስለተበላች ይህን የሚያህል መኪና የሚቆምበት ምክንያት ለማኔጅመንቱ ግልጽ ስላልሆነ በሚገባ እንዲብራራ»።

መካኒኳ በሚገባ ለማብራራት ወሰነች። ይህቺ ሴት ከሥራ ስትወጣ እየተሰካኩ በሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ጡቦች ሞተር ያላቸው መኪኖች የመሥራት አመል አላት። ትራክተር ሠርታለች፣ ክሬን ሠርታለች፣ መንገድ መጥረጊያም ሠርታለች። እናቷ የምግብ ጠረጴዛቸውን ገጽ ካዩ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ለጎረቤት ሁሉ ያወራሉ። አሁን ደግሞ ግቢው ውስጥ የቆመውን መኪና ልክ እንደነበረ አሳንሳ ለመሥራት ተነሳች።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀባት። መጀመሪያ ከባለ ቀዳዳ ዘንጎች ሻሲውን፣ የታች አጽሙን፣ አሰረች፤ ከዚያ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ገጠመች፤ አንዱ ለመንዳት፣ አንዱ ለማንሻው። የመጀመሪያው ማንሻ ገንዳውን ሲያነሳ መኪናዋ ራሷ በኋላ እግሯ ቆመች። ባትሪውን ወደ ፊት ወስዳ ሚዛኗን አስተካከለች። ሁለተኛው ማንሻ አነሳና መልሶ ጣለው፤ ሞተሩ ፈጣን እንጂ ጉልበት የለውም። ትንሽ ጥርስ ትልቅ ጥርስን እንድታዞር አደረገች፤ ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ጉልበቱ ጨመረ፣ ክንዱም ቀስ ብሎ የክብሪት ቀፎ የምታህለውን ገንዳ ጭንቅላቱ ላይ አውጥቶ ደፋት። እናቷ ምሳቸውን በጉልበታቸው ላይ ይዘው እያዩ፣ «እንግዲህ ጠረጴዛዬን ልትመልሺልኝ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ማኔጅመንቱ በመሰብሰቢያ አዳራሹ ተሰየመ። ሥራ አስኪያጃችን ረጅም፣ ድምፀ መልካምና ሪባን በመቁረጥ የተካኑ ሰው ናቸው። በቀኛቸው የዕቅድ ኃላፊው ተቀመጠ፤ ሪፖርቱ ከመቶ ዝቅ ብሎ ስለማያውቅ ስሙ መቶ በመቶ ነው። መካኒኳ መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ አቁማ፣ ሪሞቱን ይዛ፣ አንድ የከረሜላ ወረቀት በትንሿ ገንዳ አስነስታ አስደፋች። ከዚያ ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ አንዲት ጥርስ በጥፍሯ ነቅላ አወጣች። ሞተሩ ጮኸ፣ ክንዱ ግን አልተነቃነቀም።

«የጎደለችን ይቺ ናት» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። መልሳ እንድትከታት አዘዙ፤ ከተተቻት። እንድታስነሳው አዘዙ፤ ክንዱ ተነሳ። ፊታቸው በራ።

«ስለዚህ ችግሩ ተፈትቷል» አሉ።

መካኒኳ መነጽሯን አወለቀች። «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ሞዴል ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ መቶ በመቶ ዞረው ሞዴል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁት። እሱም ሞዴል ሠራተኛ፣ ሞዴል ክፍል፣ ሞዴል ሰፈር እንደሚባለው ሁሉ፣ ሌሎች የሚከተሉት አርአያ ማለት መሆኑን አስረዳ።

«እንግዲያው» አሉ ሥራ አስኪያጁ ብድግ ብለው፣ «ሌሎች ከተሞች መኪና ብቻ አላቸው። እኛ ሞዴል መኪና አለን።»

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «በከፍተኛ ጭብጨባ» ብዬ መጻፍ ስለነበረብኝ ውሸት እንዳይሆን ነው።

ከዚያ በኋላ የተወሰዱት እርምጃዎች የተቋማችንን ፍጥነት ያሳያሉ። ጥርስ ለመቀየር አምስት ወር ያልበቃው መሥሪያ ቤት በአራት ቀን ውስጥ ለትንሿ መኪና መዝገብ ከፍቶ፣ የትልቁን ታርጋ ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጽፎ ለጠፈላት። አንድ ታርጋ ለሁለት መኪና መስጠት ሕገ ወጥ ስለሆነ ትልቁ መኪና «የለም» ተብሎ ከመዝገብ ተሰረዘ። ጋሽ ፍሬን ሾፌሯ ሆነው ተመደቡ። ደብዳቤያቸውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ ሪሞቱን ተረክበው ፈረሙ። በረኛውም ለተሽከርካሪ የሚገባውን ፍተሻ አላጎደለባትም፤ በየጠዋቱ ገልብጦ ሆዷን ያያል።

ትንሿ መኪና ጠጠር ላይ መሄድ ስለማትችል የሥራ ቦታዋ አዳራሹ ሆነ። ጋሽ ፍሬን ከስብሰባ የተረፈ ወረቀት፣ የእስክሪብቶ ክዳንና የብርቱካን ፍሬ እየሰበሰቡ በቀን አርባ ገንዳ ያነሳሉ። የሪፖርቱ ቅጽ «የተነሳ ገንዳ ብዛት» እና «የተነሳበት ቦታ» እንጂ «የገንዳው መጠን» የሚል ዓምድ የለውም። ስለዚህ መቶ በመቶ በየሳምንቱ «ሁለት መቶ ገንዳ፣ ቦታ፦ መሰብሰቢያ አዳራሽ» እያለ ይሞላል፤ የበላይ አካልም ሁለት መቶውን እያየ ያመሰግናል። ትልቁ መኪና ደህና በነበረበት ዘመን ከስልሳ አልፎ አያውቅም ነበር።

በዚህ መሃል ከተማው ውስጥ ያሉት ገንዳዎች ሞልተው መንገድ ላይ ወረዱ። መንገደኛ ገንዳ ሲያይ ማዶ ይሻገር ጀመር፤ ማዶም ገንዳ ባለበት መሃል መንገዱን ይዞ ይሄዳል። አንድ ማክሰኞ አንዲት ልብስ ሰፊ አቤቱታ ይዘው መጡ። ሥራ አስኪያጁ በአክብሮት ተቀብለው፣ ወደ አዳራሹ ወስደው ሞዴሏን አሳዩዋቸው። ሴትዮዋ የብርቱካኗ ፍሬ ተነስታ እስክትደፋ ድረስ በትዕግሥት ተመለከቱ።

«ልጄ፣ የእኔን ደጅ ለማንሳት ስንት ዓመት ይፈጅባታል?» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ጥያቄውን እንደ ገንቢ አስተያየት ወሰዱት። በማግሥቱ ነዋሪው ሁሉ ቆሻሻውን ከክብሪት ቀፎ በማይበልጥ መጠን ቆራርጦ እንዲያወጣ የሚያሳስብ ማስታወቂያ በየገንዳው ላይ ተለጠፈ። ወረቀቱ በሁለት ቀን ውስጥ ቆሻሻ ተከመረበትና ጠፋ።

ልብስ ሰፊዋ ግን አቤቱታ ይዘው በመጡበት በዚያ ማክሰኞ ዕለት በቀጥታ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። በጋራዡ በኩል ሲያልፉ መካኒኳን አገኟትና አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ያችን መጫወቻ የሠራችው እሷ መሆኗን ሰምተው ነበር። አልተቆጧትም። ባላቸው ሰውነታቸው ሽባ ሆኖ ከተኙ ስድስት ወር እንደሆናቸው፣ አልጋቸው ያለበት መስኮት ገንዳው ላይ እንደሚከፈት፣ ቢዘጉት ሙቀቱ፣ ቢከፍቱት ዝንቡ እንደሚገድላቸው ነገሯት።

«እጁን አንስቶ ማባረር አይችልም» አሉ። «እኔ አጠገቡ ስሆን አባርርለታለሁ። የስፌት መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ግን ፊቱን ይወሩታል። ትናንት ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ብሎ ሲጠብቀኝ አገኘሁት።»

መካኒኳ እስከ በሩ ሸኘቻቸውና ተመልሳ የተበላችውን ጥርስ ከትልቁ መኪና ፈታች። ከፕላስቲኳ ጥርስ ጋር ጎን ለጎን አድርጋ፣ በዙሪያዋ ስንት ሹል እንደነበራት ከሞዴሏ ቆጠረች፤ ሃያ አራት። ቅዳሜ ብረት የሚቀርጽበት ቶርኖ ቤት ላለው ታናሽ ወንድሟ ወሰደችለት። እሱም ከተሰበረ የወፍጮ ዘንግ ላይ ቆርጦ፣ ሃያ አራቱን ሹል አንድ በአንድ አወጣላት። «እህቴ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከፕላስቲክ ያልሆነ ነገር አዘዘችኝ» ብሎ ሲስቅ ዋለ።

እሑድ ጠዋት ጥርሷ ተገጠመች። ጋሽ ፍሬን እንዳመላቸው መኪናውን ሊያሞቁ መጥተው ነበር፤ ማንሻውን ሞከሩት፤ ክንዱ እየተንጠራራ ወጣ። መካኒኳ እንዲነዱላት ለመነቻቸው። እሳቸው መሪው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ወደ ግቢው በር ተመለከቱ። ያለ ትእዛዝ ከነዱ የሃያ ሁለት ዓመት ንጽሕናቸው ሊጎድፍ ነው።

«ይሄ መኪና ከመዝገብ ተሰርዟል አይደል?» አሏት በመጨረሻ።

«ተሰርዟል፣ ጋሼ።»

«የሌለ መኪና ለመንዳት ትእዛዝ አያስፈልግም። ውጪና በሩን ክፈቺ።»

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ልብስ ሰፊዋ ደጅ ነበር። ገንዳው ተነስቶ ሲደፋ ሴትዮዋ ወጥተው አላመሰገኑም፤ ሮጠው ገብተው መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱ። እስከ አመሻሽ ስምንት ጊዜ ተመላለሱ። ለዘጠነኛው ሲደርሱ የከተማው ቆሻሻ መድፊያ ቦታ በር ተዘግቶ ስለነበር የመጨረሻውን ጭነት እንደያዙ ግቢ ገቡ።

ሰኞ መሥሪያ ቤታችን በድንጋጤ ተዋጠ። ገንዳዎቹ ባዶ ናቸው! በሪፖርቱ መሠረት ተነስቶ ያለቀው ቆሻሻ እንደገና ተነስቷል፤ ያነሳውም በሕግ የሌለ መኪና ነው። መቶ በመቶ ይህ ወደ ላይ ከተሰማ ያለፈው ሁሉ እንደሚጠየቅ ለሥራ አስኪያጁ በጆሯቸው ነግሮ፣ እሱ ራሱ ለአስቸኳይ ሥልጠና ወጣ። መካኒኳና ጋሽ ፍሬን «የተነሳን ቆሻሻ በድጋሚ በማንሳት» ተከሰሱ። ውሳኔው አጭር ነበር፤ መኪናው ላይ ያለው ቆሻሻ ወደተነሳበት ቦታ ይመለስ።

መካኒኳ፣ ቆሻሻው ከየቦታው የተለቃቀመ ስለሆነ የትኛው ቦታ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ ሌላ ከተማ ለልምድ ልውውጥ የላካቸውን እንግዶች ይጠብቁ ነበርና ተቻኩለዋል። «በሪፖርቱ ላይ በተጠቀሰው ቦታ» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ማኅተሙን እኔ መታሁ። ሪፖርቱንም እኔ አውጥቼ ለጋሽ ፍሬን አሳየኋቸው፤ ሥራዬ ነው። በጣታቸው መስመሩን ተከትለው አነበቡ፣ ደብዳቤውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

የአዳራሹ በር ባለ ሁለት መዝጊያና ሰፊ ነው። ጋሽ ፍሬን በሃያ ሁለት ዓመት ጥንቃቄ ወደ ኋላ አስጠጉ፤ መቃኑን አልነኩም። ጭነቱ ከመድረኩ እስከ ሦስተኛው የወንበር ረድፍ ተንዶ ወረደ።

ሥራ አስኪያጁ አፍንጫቸውን በክራቫታቸው ይዘው ሮጠው ደረሱ። ጋሽ ፍሬን ደብዳቤውን ዘርግተው ሰጧቸው። «ፊርማዎ ነው፣ ጌታዬ።»

«አሁኑኑ አንሱት!»

«የምነዳው መኪና የለኝም። ትእዛዙ ለመመለስ ብቻ ነው፤ መልሻለሁ።» ሪሞቱን ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው። «ሞዴሏ ዝግጁ ናት። ባትሪዋ ሙሉ ነው።»

እንግዶቹ በዚህ ጊዜ በሩ ላይ ደርሰው ነበር። መሪያቸው ክምሩን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ ይህ ሁሉ ለሠርቶ ማሳያው የተዘጋጀ እንደሆነ በትሕትና ጠየቁ። ሥራ አስኪያጃችን ወደ እንግዶቹ፣ ወደ ክምሩ፣ ወደ ሪሞቱ ተመለከቱ።

«አዎ» አሉ።

ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ፤ በጉልበታቸው ተንበርክከው ትንሿን መኪና አስነሱ። መካኒኳ አንድ ጊዜ ብቻ ጎንበስ ብላ፣ ክንዱን ሲያወጡ ቀስ እንዲሉ፣ አለዚያ ጥርሷ እንደምትዘል መከረቻቸው። ከዚያ ከጋሽ ፍሬን ጋር ወጥታ ሄደች። ከውጭ የትልቁ መኪና ሞተር ሲነሳና ከግቢው ሲወጣ ሰማን፤ የሌለ መኪና ነውና ማንም አላስቆመውም።

እንግዶቹ ለትንሽ ጊዜ ቆመው አይተው፣ ማስታወሻ ይዘው ተሰናበቱ። እኔ የተነሳውን እንድቆጥር ታዝዤ ከሥራ አስኪያጁ አጠገብ ተቀመጥኩ። ክምሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ይሁን እንጂ እስከ ምሳ ሰዓት አርባ አንድ ገንዳ ተነስቷል፤ ይህም ከዕለቱ ዕቅድ በላይ ነው።