እስኪለምኑኝ ስጠብቅ

እንግሊዝኛ ወሬኛ ሰው አይወድም መሰለኝ። በአማርኛ «መንገድ እንዴት ነበር?» ብሎ ሰው ማናገር ምን ይከብዳል? በእንግሊዝኛ ግን አፍ ከመክፈት በፊት ጉዞው አልቋል ወይስ ገና ነው፣ ሰውየው መጥቷል ወይስ እየመጣ ነው ብሎ መመርመር አለ። እኔ መርምሬ እስክጨርስ ተሳፋሪው ደርሶ ይወርዳል።

አትላንታ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ፤ ሊቶኒያ ብቻዬን እኖራለሁ። ቀኑን ሙሉ ከኋላዬ ሰው አለ፤ የምታናግረኝ ግን መንገድ የምትመራኝ የስልኬ ሴትዮ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን መንገድ ስስት ነው ወሬዋ የሚደራው። ብቸኝነት ያማል፣ አልደብቃችሁም። ስለዚህ ጥያቄ ማጥናት ጀመርኩ። ስኔልቪል ከነቤተሰቡ የሚኖረው ጓደኛዬ ታደሰ፣ ከየት መጣህ እያልክ ኢሚግሬሽን አትምሰልባቸው፣ «ፍላይ» የሚለውን ቨርብ ዩዝ አድርግ፣ ፓስት ቴንሱን ብቻ አትሳት ብሎ መከረኝ። ሻወር ውስጥ ሳይቀር ተለማመድኩት።

አንድ እሁድ አንዲት ባልቴት ከኤርፖርት ወደ አቮንዴል እስቴትስ ጫንኩ። «ዌር ዲድ ዩ ፍላይ ኢን ፍሮም?» አልኳቸው፣ አንዲት ግስ ሳትወላገድ። ይኸውላችሁ፣ ሰው አወራኝ! እህታቸውን ጠይቀው መመለሳቸውን፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ እንደሰፋባቸው ነገሩኝ። የእኔ ቤት አንድ ክፍል ሆኖም እንደሰፋብኝ ነገርኳቸው። ሳቅን። በዚያ መኪና ውስጥ ከሰው ጋር ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

በራቸው ላይ ሻንጣቸውን ሳወርድ፣ ሾርባ አለኝ፣ ግባና ምሳ አብረን እንብላ አሉኝ። ልቤ ዘለለ። ታዲያ ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ግብዣ ዘው ይላል? ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ ሳይዞር «ኖ ታንክ ዩ፣ አይ ሃቭ ኦልሬዲ ኢትን» አልኩ፤ በልቻለሁ ማለቴ ነው። አሁን በሞቴ ይሉኛል፣ ትንሽ እግደረደራለሁ፣ ክንዴን ይዘው ይጎትቱኛል፣ እገባለሁ። አገር የሚያውቀው ሥርዓት ነው።

እሳቸው ግን እሺ ብለው፣ መልካም ቀን ተመኝተውልኝ ገቡ።

መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ምን ይታወቃል፣ ልመናው ዘግይቶባቸው ይሆናል። በሩ ተከፈተ! ባልቴቷ ቶሎ ቶሎ እየተራመዱ ወደ እኔ መጡ። መስኮቱን አወረድኩ፤ ቀበቶዬንም ፈታሁ።

ጎንበስ ብለው፣ ሳልነግርህ ብቀር ይቆጨኛል፣ እንግሊዝኛህ እንዴት ግልጽ ነው፣ ያልከኝን ሁሉ አንድ ሳይቀር ተረድቼሃለሁ አሉኝ።