አልማዝ ጌታውን አይጭርም

ስማቸው፦ ጠርሙስ ነው አልኩህ፣ ጠርሙስ!

ጀማሉዲን፦ ገና ከኪሴ ሳላወጣው?

ስማቸው፦ አዋቂ ሰው አካሄድህን አይቶ ይለያል።

[ኮምቦልቻ፣ ፲፱፻፸ ዓ.ም.። ለእናት አገር ጥሪ ወርቅና አልማዝ ያለው ሁሉ ያዋጣ ተብሎ ተለፍፏልና ሕዝቡ ቀበሌው ደጃፍ ተሰልፏል። ስማቸው የጌጥ መርማሪ ተብሎ ጠረጴዛ ተሰጥቶታል። ለምን ቢሉ፣ ደሴ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት በር ላይ ዘበኛ ነበር፤ ወደ ውስጥ ግን አንድም ቀን ዘልቆ አያውቅም። ጀማሉዲን ምስኪኑ ከሐርቡ ብርቱካን እያመጣ የሚቸረችር ነው። የያዘው የሚስቱን የጣይባን የኒካህ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ብር ነው፤ ብር አልተጠየቀም። ፈርጡ አልማዝ ከሆነ ግን ይወሰዳል፤ ጠርሙስ ከሆነ ይመለስለታል። ጣይባ «ቀለበቴን ሳትይዝ እንዳትመጣ» ብላ ነው የሸኘችው፤ እሷ ደግሞ ያለችውን አትረሳም።]

ጀማሉዲን፦ [ቀለበቱን እያወጣ] የጣይባ አያት ከሐጅ ሲመለሱ ያመጡት ነው፤ አላህ ይዘንላቸውና።

ስማቸው፦ [ያያል፤ ምራቁን ይውጣል፤ ለራሱ] መድኃኔ ዓለም! እውነተኛ ነው! [ጮክ ብሎ] አይ ወንድሜ፣ አያቷን ሸውደዋቸዋል። አልማዝ አራት ነገሩ ይታያል። ቀለሙ፣ ጥራቱ፣ አቆራረጡ፣ ክብደቱ።

ጀማሉዲን፦ ይህማ ብርቱካን ነው።

ስማቸው፦ ብርቱካንን እዚህ ምን አመጣው! አልማዝ ውስጡ ነቁጥ ካለበት ዋጋው ይወርዳል።

ጀማሉዲን፦ እኛ ነቁጥ ያለበትን «ጣፋጩ እሱ ነው» ብለን አስወድደን ነው የምንሸጠው።

ስማቸው፦ አልማዝ ማየት ካማረህ ይኸው! [ትንሿ ጣቱ ላይ ያለውን ቀለበት ያወዛውዛል] ፈተና አንድ፣ ትንፋሽ። አልማዝ ሲተነፍሱበት እንፋሎቱ ወዲያው ይጠፋል። [የጣይባ ቀለበት ላይ አፉን ከፍቶ ሃ… ሃ… ሃ… ይላል] አየህ? አልጠፋም!

ጀማሉዲን፦ አፍህን ሳታነሳ መቼ ይጥፋ?

ስማቸው፦ የኔን ተመልከት። ሃ! [ሱሪው ላይ ጠረግ ያደርገዋል] ጠፋ!

ጀማሉዲን፦ አጂብ!

ስማቸው፦ ፈተና ሁለት። [የራሱን ቀለበት አውልቆ ጋዜጣ ላይ ያስቀምጣል] በእውነተኛው አልማዝ ውስጥ ፊደል አይነበብም። በኔው በኩል እየው፤ ይነበብልሃል?

ጀማሉዲን፦ ኧረ ምንም!

ስማቸው፦ እንዲህ ነው አልማዝ!

ጀማሉዲን፦ ቀለበቱን ብታነሳውም አይነበብልኝ። ፊደል አልቆጠርኩም።

ስማቸው፦ ከመሃይም ጋር ተይዤ! [ቀለበቱን ጣቱ ላይ ይመልሳል] ፈተና ሦስት። አልማዝ መስተዋት ይጭራል…

[ጀማሉዲን ሳይታዘዝ የጣይባን ቀለበት በስማቸው የእጅ ሰዓት መስተዋት ላይ ሲጥ ያደርገዋል።]

ስማቸው፦ ሰዓቴን!

ጀማሉዲን፦ ጫረ እኮ!

ስማቸው፦ ድሮም የተጫረ ነው!

ጀማሉዲን፦ ያንተስ?

[ስማቸው የራሱን ቀለበት ሰዓቱ ላይ ያሻል። ፈርጡ ሳሙና የነካው ይመስል ይንሸራተታል።]

ስማቸው፦ አየህ ጨዋነቱን? እውነተኛ አልማዝ ጌታውን አይጭርም።

ጀማሉዲን፦ ሱብሃነላህ! እንደሱ ነው ለካ።

ስማቸው፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ለማንኛውም አሳዝነኸኛል። ጠርሙሱን ለኔ ተውና [ከጠረጴዛው ሥር እያወጣ] ይህን ጃንጥላ ውሰድ።

ጀማሉዲን፦ ጠርሙስ ምን ያደርግልሃል?

ስማቸው፦ ሕዝብ አስተምርበታለሁ!

ጀማሉዲን፦ ጃንጥላ ጣት ላይ ይገባል እንዴ? [ያስባል] ብቻ ጠርሙስ መሆኑን የቀበሌው ሊቀመንበር ይስማ። ኋላ አልማዝ ደበቀ ብለው እንዳያስሩኝ።

ስማቸው፦ ለዚህማ! [ወደ ቀበሌው መስኮት ይጮኻል] ጓድ ሊቀመንበር! የጀማሉዲን ተመርምሮ ጠርሙስ ሆኗል! በአንገቴ!

ሊቀመንበሩ፦ [ከውስጥ] ጠርሙስማ ለባለቤቱ ይመለስ!

[ጀማሉዲን ቀለበቱን ከጠረጴዛው ላፍ ያደርጋል።]

ስማቸው፦ ቆይ! ጃንጥላውስ?

ጀማሉዲን፦ አንተው ያዘው፤ አሁን ይዘንብብሃል። [ወደ መስኮቱ] ጓድ ሊቀመንበር! ስማቸው በትሕትና ዝም ብሎ ነው እንጂ፣ ጣቱ ላይ ያለው አልማዝ ነው! ሦስቱንም ፈተና ሲያልፍ ሰልፉ ሁሉ አይቷል!

ሊቀመንበሩ፦ [ብቅ ብሎ] ከራሱ ከመርማሪው? አርአያነት ማለት ይህ ነው! ጭብጨባ!

[ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሊቀመንበሩ ቀለበቱን ከስማቸው ጣት ራሱ አውልቆ በነጭ ወረቀት ይጠቀልለዋል።]

ሊቀመንበሩ፦ ነገ አዲስ አበባ ይላካል። የሰጪው ስምም በጉልህ ይጻፍበት! [ይገባል]

ስማቸው፦ [በሹክሹክታ] ጀማሉ፣ ጉድ አደረግኸኝ! የኔው ነው ጠርሙሱ! ከባቲ ገበያ፣ ከዶቃ ጋር ተመርቆልኝ ነው!

ጀማሉዲን፦ እኮ ንገራቸዋ።

ስማቸው፦ ብናገር «ያንተን ከዋሸህ የሱንም ዋሽተሃል» ብለው ያስሩኛል! ዝም ብል አዲስ አበባ ይመረምሩታል፣ አብዮቱን አታለለ ይሉኛል! ምን ይዋጠኝ?

ጀማሉዲን፦ [የጣይባን ቀለበት ኪሱ ውስጥ አጥብቆ እየጨበጠ] አይዞህ ወንድሜ፣ አትስጋ። አዲስ አበባም እንዳንተ ያለ መርማሪ አይጠፋም።