የተቀመጠ «ይማርሽ»

ማንም ሳይቀጥረው በገዛ ፈቃዱ ሥራ የጀመረ ጠያቂ የሌለበት ሕክምና ቤት በአገራችን የለም። ዶክተር ሚልካ በቤተሰብ ሐኪምነት ለምትሠራበት የእንጅባራ ክሊኒክ የደረሱት እትዬ ውብአየሁ ናቸው።

እኚህ የተከበሩ የወረፋ የበላይ ጠባቂ ከግምጃ ቤት ከተማ በጋሪ የመጣውንም፣ ከጫግኒ ወባ ይዞት የወጣውንም እኩል ይጠይቃሉ። «እግዜር ይማርህ! ምንህን ነው?» ይላሉ፤ መልሱንም ሰምተው አጠገቡ ለተቀመጠው ያስተላልፋሉ። አንድ ቀን የተበላሸውን የደም ግፊት መለኪያ «ይማርህ» ብለውታል። ነርሱ ይሄይስ፣ ከዚያ ወዲህ ደህና ይሠራል ብሎ ይምላል።

ሚልካን ግን ያበሳጯት ነበር። በየጠዋቱ፣ «ጴንጤም ብትሆኚ ይማርሽ!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ አላመመኝም።»

«ይቀመጥልሻል።»

ባለፈው ሳምንት አቶ አዝመራው ሞቱ። ሚልካ የልብ ሕመማቸውን ለዓመታት የተከታተለች፣ ከበጋቸው ግልገል እስከ ልጃቸው ሠርግ የምታውቅ ሐኪማቸው ነበረች። በማግስቱ ጠዋት ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ዶክተር፣ ሰው ሞልቷል» አላት ይሄይስ አንኳኩቶ።

«መልሳቸው። ከእንግዲህ ይህን ሥራ አልችልም።» ጋዋኗን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው።

እትዬ ውብአየሁ ሳያንኳኩ ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው። ከሚልካ አጠገብ ተቀመጡ።

«ከአዝመራው ቤት መምጣቴ ነው» አሉ። «እዚያ መቀመጫ የለም፤ ድንኳኑ ሞልቷል። አንቺ ዘንድ ግን ማንም አልደረሰም። እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ።»

ሚልካ ከትናንት ጀምሮ ያመቀችው እንባ ያን ጊዜ ወረደ። እትዬ ውብአየሁም አብረዋት አለቀሱ፤ አላባበሏትም፣ «ተይ» አላሏትም።

አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «እትዬ፣ ያስቀመጡልኝ ይማርሽስ?» አለች።

«እሱ ለሕመም ነው። ይህ ሐዘን ነው። በከንቱ አታስጨርሺኝ!»

ሚልካ እያለቀሰች ሳቀች። ጋዋኑን አነሳችና ለበሰች፤ በሩንም ከፈተች። ከወረፋው ፊት የቆሙት ሽማግሌ በኃይል አስነጠሱ።

«ይማርዎ!» አለች፣ እትዬ ውብአየሁ ሳይቀድሟት። «ምንዎን ነው?»