ክቡር አቶ ይጠና ካሜራ ሲመርጡ

ከመግዛቱ በፊት የሚያጠና ሰው የሌለበት ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ካለም ዝናቡ ሳያባራ ጃንጥላ የሚገዛ፣ ሁሉ ነገር በጊዜው የሚሟላለት፣ ለወሬ የማይመች ቤተሰብ መሆን አለበት። የእኛ ግን ለወሬ ይመቻል። አጎቴ አሉና።

አጎቴ በሙያቸው ፋርማሲስት ናቸው። ሌላው ሰው ከመድኃኒት ካርቶን አውጥቶ የሚጥላትን እጥፍጥፍ ወረቀት እሳቸው ከላይ እስከ ታች ያነቧታል፤ ገልብጠውም ያነቧታል። ለበሽተኛ ይህ መልካም ነው። ችግሩ መጥበሻም የሚገዙት በዚሁ መንገድ መሆኑ ነው። «ይሄን ብንገዛስ?» ላላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ጥሩ ሐሳብ። መጀመሪያ ይጠና።» ስለዚህ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ከተውነው ቆየን። ክቡር አቶ ይጠና እንላቸዋለን፣ ያውም ፊት ለፊታቸው። አይከፋቸውም፤ የሚገባቸው ማዕረግ እንደተሰጣቸው አድርገው ይቀበሉታል። አያቴን አንተ እያልኩ አድጌ ልጁን አንቱ የምለው ለዚሁ ማዕረግ ስል ነው።

ፍሪጅ ሲያጠኑ አንድ በጋ አለፈ። ባለቤታቸው ወተቷን ጎረቤት ቤት እያሳደረች ጠበቀች። በመጨረሻ «ይሄ ነው!» ብለው ሲሄዱ ፋብሪካው ያን ዓይነት ፍሪጅ ማምረት አቁሟል።

«አየሽ?» አሏት፣ ፊታቸው በድል እያበራ። «ቸኩለን ገዝተነው ቢሆን ኖሮ መለዋወጫ ከየት እናመጣለት ነበር?»

የካሜራው ነገር ግን ከወተት የከበደ ነበር።

አያቴ ልብስ ሰፊ ነው። ካፖርት ሲቆርጥ ሞዴል የሚባል ወረቀት አይጠቀምም። ሰውየውን በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ያየዋል፣ ጨርቁ ላይ በጠመኔ አራት አምስት መስመር ይጥላል፣ ከዚያ መቀሱ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ካፖርቱ ጨርቁ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ አያቴ የቀሰቀሰው ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር አሁንም ይመስለኛል። ባለፈው ዓመት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ እየባሰ እንደሚሄድ ነገረው። አያቴም ምሳ ላይ፣ ውሃ አቀብሉኝ እንደሚል ሰው፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ «ለዚች ልጅ ሥራ መጀመሪያዋ አንድ ካፖርት እቆርጥላትና መቀሱን እሰቅላለሁ» አለ።

ክቡር አቶ ይጠና ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ይቀረጻል» አሉ። «አቆራረጥህ ከአንተ ጋር አይቀርም፣ አባባ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት አንድ ሰው አይቶ መማር አለበት።»

በሕይወታቸው ያላጠኑት የመጀመሪያው ውሳኔ ነው ብዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሳልዘጋው ቀጠሉ፦ «በምን እንደሚቀረጽ ግን ይጠና።»

«በስልኬ ላንሳውና ይለቅ» አልኩ።

የተሰበረ እግር ላይ የሳል ሽሮፕ ላፍስስ ያልኩ ያህል አዩኝ። «የስልሳ ዓመት ሙያ መሃል ላይ ጓደኛሽ ደውላ ‹የት ነሽ?› ትበለን?»

አይፈረድባቸውም። የእናታቸው፣ የሴት አያቴ፣ የሚንቀሳቀስ ምስል ያለው አንዲት ትንሽ ካሴት ላይ ብቻ ነበር። እሷ ካለፈች በኋላ ካሴቷን የሚያጫውት መሣሪያ ከገበያ ጠፋ። አጎቴ ከስንት ፍለጋ በኋላ አንድ አሮጌ ማጫወቻ አግኝተው ቢያስገቧት ማጫወቻው ካሴቷን አኝኮ ተፋት። ከዚያ ወዲህ ምስል የሚያስቀምጥ ነገር ሁሉ ጠላታቸው ነው፤ ካልመረመሩት አያምኑትም።

ካሜራ መሸጫው ድረስ አጅቤያቸው ሄድኩ። ሻጩ ደስ የሚል ሰው ነበር፣ ሲጀምር።

«ይሄኛው ጋሼ፣ ስልሳ እጥፍ አቅርቦ ያሳያል።»

«በመስታወቱ ነው ወይስ በማታለል?»

ሻጩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሃያው በመስታወት ነው። አርባው እንግዲህ… ኮምፒውተሩ ትንሽ ያግዛል።»

«ማታለል» አሉ ክቡር አቶ ይጠና፣ ደብተራቸው ላይ እየጻፉ። «በምን ፋይል ነው የሚያስቀምጠው?»

«በኤምፒፎር ነዋ!»

«ኤምፒፎር ጠርሙሱ ነው። ክኒኑ ምንድን ነው?»

ሻጩ አድኚኝ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምኑን አውቄ! አጎቴ ግን ባንኮኒውን ተደግፈው በትዕግሥት አስረዱን። የፋይሉ ስም መያዣው ነው። ምስሉ የታመቀበት ዘዴ ደግሞ ውስጡ ያለው መድኃኒት። ሁለት ጠርሙስ አንድ ስም ተለጥፎበት ውስጡ የተለያየ ክኒን ሊኖር ይችላል። ያን ክኒን የማያውቅ ማጫወቻ ጠርሙሱን ይከፍትና ድምፅ ብቻ ያሰማሃል፣ ወይም ጥቁር መስኮት ብቻ ያሳይሃል። ከዚህ በፊት ስለ ፋይል ሲወራ አንድም ቀን ልቤ ደንግጦ አያውቅም። እዚያ ባንኮኒ ጋ ግን ደነገጠ፤ የሴት አያቴ ፊት ጠርሙስ ውስጥ ተቆልፎ ታየኝ።

«የዛሬ ሃምሳ ዓመት ይከፈታል?» ጠየቁ።

«ጋሼ» አለ ሻጩ፣ «ይሄ ሱቅ ራሱ የዛሬ ሃምሳ ዓመት መከፈቱን በምን አውቃለሁ?»

ይህንንም ጻፉት።

ሳምንታት አለፉ። ደብተሩ ሞላ። አንዱ ካሜራ ጥራቱ አስደናቂ ነው፣ ነገር ግን ሚሞሪ ካርዱን በሩብ ሰዓት ጢም አድርጎ ይሞላል። ሌላው ፋይሉን በራሱ በፋብሪካው ፕሮግራም ካልሆነ አያስከፍትም፤ እሱ ስሙ ሳይቀር ተሰረዘ። በዚህ መሃል ለአያቴ ሻይ የሚቀዳለት እስከ ብርጭቆው ግማሽ ብቻ ሆነ። እጁ ላይ እንዳይፈስበት የምትቀዳው ሁሉ ግማሽ ላይ ታቆማለች።

አንድ ቀን የአጎቴ ባለቤት ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆመችና ፈነዳች። «አንተ ሰውዬ! ፍሪጁን ረሳኸው እንዴ? አባትህም መመረት ሊያቆም ነው!»

አያቴ ሳቀ። ክቡር አቶ ይጠና አልሳቁም። ደብተራቸውን ዘጉ፣ ጫማቸውን አደረጉ፣ ወጡ። ሲመለሱ ካሜራ ይዘው ነበር። ስልሳ እጥፍ የሚያቀርበው አይደለም፤ መካከለኛ፣ ደንበኛ ማይክሮፎን ያለው፣ ፋይሉም ያው ሁሉም ቤት ያለው፣ ማንኛውም አሮጌ ማጫወቻ የሚከፍተው ተራው ፋይል።

«ይሄን ሁሉ አጥንተው ተራውን?» አልኩ።

«ተራው ነው የማይሞተው። ብዙ ሰው የሚናገረው ቋንቋ ቶሎ አይጠፋም። ቋንቋ የተማርሽው አንቺ ነሽ ይሄን ማወቅ የነበረብሽ።»

የቀረጻው ቀን ጠዋት የልብስ ስፌት ቤቱ የቀዶ ጥገና ክፍል መሰለ። የካሜራው መቆሚያ ሦስት እግሮች የሚያርፉበት ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ተከበበ። የጎረቤት ሬዲዮ በልመና ተዘጋ። በካሜራውና በመቁረጫው ጠረጴዛ መሃል አንድ መስመር ተሰመረና «ይህን መስመር ያለፈ ከቤተሰቡ ይሰረዛል» ተብሎ ታወጀ። አያቴ በዓይኑ አንዴ ለካኝ። ከዚያ እኔም፣ የአጎቴ ባለቤትም ወደ ውጭ ተባረርን፤ ትንፋሻችን ይቀረጻል ተብሎ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሩ ሲከፈት የአጎቴ ጣቶች በጠመኔ ነጥተዋል። «ተቀርጿል» ብቻ አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰበሰብን። ፋይሉ በመጀመሪያው ሙከራ ተከፈተ። ጥራቱ ግሩም ነው። አያቴ ጥቁር ሰማያዊውን ጨርቅ ዘረጋ፣ ጠመኔውን አነሳ፤ መስመሩ እየተንቀጠቀጠ ወረደ። መቀሱን ሲያስገባ ጨርቁ አመለጠው። እንደገና ሞከረ፤ አመለጠው። ያን ጊዜ አንድ ሰው መስመሩን አልፎ ገባና ጨርቁን ያዘለት።

ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው የሚታየው የአጎቴ ጀርባ ነው።

ሃያ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ጀርባ። የሸሚዙን ክር መቁጠር ይቻላል።

«ቀለሙ ግን ጥሩ ነው» አለች ባለቤታቸው።

«ይደገማ!» አልኩ እኔ። አያቴ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። መልሱ እሱ ነበር። ክቡር አቶ ይጠና ሪሞቱን እንደያዙ ደርቀዋል፤ ሊያጠፉት አውራ ጣታቸውን ሲያነሱ «ተወው፣ ይሂድ» አላቸው አያቴ።

ሄደ። ስለማይታይ ሰማነው። የአያቴ መቀስ ረጅም፣ ሳይቸኩል የሚሄድ ድምፅ አለው። መሃል ላይ ቆመ።

«እንካ» አለ አያቴ፣ ከጀርባው ወዲያ።

«እኔ? አባባ፣ አላጠናሁትም እኮ!»

«እዚህ ጠረጴዛ ሥር ነው ያደግኸው። ታዲያ ምን ስትሠራ ነበር?»

ከዚያ ሌላ የመቀስ ድምፅ፤ አጭር፣ ፈሪ፣ ቆም እያለ የሚሄድ።

«አትቁም። መቀስ መሃል ላይ ከቆመ ጨርቁ ጥርስ ያወጣል። በትከሻህ ግፋው እንጂ በጣትህ አይሁን። እህ… እህ፣ እንደሱ።»

የሸሚዙ ትከሻ ቀስ እያለ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ድምፁም እየረዘመ ሄደ። እዚህ ላይ አንቱታውን መቀጠል አቃተኝ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለውም፣ አጠገቤ ሪሞት ይዞ አንገቱን የደፋውም አጎቴ ነው፤ የምወደው አጎቴ።

ካፖርቱን ይኸው ለብሼዋለሁ። ግራውን አያቴ ቀኙን አጎቴ ቆርጠውታል፤ ቀኙ ብብት ላይ ትንሽ ይይዘኛል፣ ክንዴን በሰፊው ስዘረጋ። አላሰፋውም። ፋይሉ በሦስት ቤት በሦስት ቅጂ ተቀምጧል። የዛሬ ሃምሳ ዓመት በእርግጥ ይከፈታል፤ ከፍቶ ያየው ሰው ግን ካፖርት መቁረጥ አይማርም።

አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመድኃኒት ቤቱ ሲወጣ ወደ አያቴ ስፌት ቤት ይሄዳል። ባለፈው ስገባ አያቴ ወንበሩ ላይ እጆቹን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ አጎቴ ብቻውን የባለቤቱን ቀሚስ ጨርቅ እየቆረጠ ነው። መስኮቱ ጋ ቆሜ ትከሻውን አየሁት።

«ብርሃኑን ጋርደሽብኛል፣ ዞር በይ» አለኝ፣ ቀና ሳይል፣ መቀሱንም ሳያቆም።

ዞር አልኩለት።