ልብስ ሰፊው ክፍል ሲሠራ

ወንድሙ የታወቀ ተቋራጭ የሆነ ሰው፣ በቤቱ ላይ አንዲት ክፍል ለመጨመር ራሱ አካፋ የሚያነሳው ለምንድን ነው? ተቋራጩ ይህን ጥያቄ እያመላለሰ ስንት ሌሊት ተገላብጧል፤ መልስ ግን አላገኘለትም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ቧንቧ ሲያፈስ ባለሙያ አይጠራም። «እኔ አለሁ አይደል?» ይላል። ይህን ካለ በኋላ ውሃው ጎረቤት ድረስ ቢዘልቅ እንኳ እሱ አለ። የተቋራጩ ታላቅ ወንድም ደግሞ ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ በማዕረግ ይበልጣል። ሙያው ልብስ ሰፊነት ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሰፈሩን ሰው አልብሷል። ከዚያ የተረፈውን ጊዜ፣ ማንም ሳይሾመው፣ አናጺ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛና የጎረቤት ፍሪጅ ሐኪም ሆኖ አሳልፏል። አምና ደግሞ ክቡር ዋና መሐንዲስ ሆነ።

ሹመቱ የመጣው በእናታቸው ምክንያት ነው። እናታቸው ልጆቻቸውን ባሳደጉበት ቤት ከልብስ ሰፊው ጋር ይኖራሉ፤ መኝታቸው ፎቅ ላይ ነበር። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሙ ከስድስት ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል እንደሚወጡ፣ ደረጃ ግን ከእንግዲህ እንደማይሞክሩ ተናገረ። ምድር ላይ ያለው ሳሎንና ወጥ ቤት ብቻ ነው። በሌላ ከተማ የምትኖረው እህታቸው ነገሩን በአጭሩ ቆረጠችው፤ እናታቸው በሚወጡበት ቀን ምድር ላይ ክፍል ካለቀላቸው ይቆያሉ፣ ካላለቀ መኪና ይዛ መጥታ ትወስዳቸዋለች። እናታቸው ደግሞ ከዚያ ቤት መውጣት እንደማይፈልጉ ለሦስቱም ልጆቻቸው ለየብቻ ነግረዋል።

ተቋራጩ ወዲያው መጣ። አሥራ ሁለት ሠራተኛ እንዳለው፣ በሦስት ሳምንት ጨርሶ እንደሚያስረክብ፣ ዋጋውም የእናቱ ምርቃት ብቻ እንደሆነ አስረዳ። ታላቅየው ሻዩን እያማሰለ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«የእማዬን ክፍል ለተቋራጭ አልሰጥም» አለ።

«ተቋራጩ እኮ እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ቢሆንስ? አንተ የምትሠራው ለደንበኛ ነው። እማዬ ደንበኛ አይደለችም።»

የልብስ ሰፊው ሚስት ከምድጃው ዞር ሳትል፣ ባሏ ጀምሮ ያልጨረሳቸውን ነገሮች መዘርዘር ጀመረች። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ዝርዝሩ አላለቀም።

በማግሥቱ ክቡርነታቸው የልብስ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ወደ ሕንፃ ዕቃ መደብር ሄዱ። አሸዋውን እንደ ሱፍ ጨርቅ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት። ሲሚንቶው ሲረጥብ ይሰበሰብ እንደሆነ ጠየቁ። ሻጩ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ስለሌለ ጓዳ ገብቶ አለቃውን ጠየቀ፤ አለቃውም አያውቅም። ብሎኬቱን አንድ በአንድ እያገላበጡ ጥጉ የተሸረፈውን ሁሉ ሲመልሱ፣ የጭነት መኪናው ሹፌር መሪው ላይ ተደፍቶ ተኛ።

«ግድግዳም ጨርቅ ነው» ይሉ ነበር ለጠየቃቸው ሁሉ። «ያው መለካት፣ ማስመር፣ ማያያዝ ነው።» የሚያሰምሩትም በሱቃቸው ሳሙና ስባሪ ነበር።

ግንበኛ የቀጠረውም ራሱ ልብስ ሰፊው ነው። ሰፈሩ «ውሃ ልክ» ይለዋል፤ ስሙ የወጣለት ያንን የማስተካከያ መሣሪያ ከቦርሳው አውጥቶ ስለማያውቅ ነው። ተቋራጩ በየምሽቱ «በዚህ ሳልፍ» እያለ ብቅ ይላል፤ በዚያ በኩል የሚያሳልፍ መንገድ ግን አልነበረውም። በሦስተኛው ሳምንት ሲመጣ ግድግዳው ደረት ደርሷል። ወንድሙ አሥር እርምጃ ርቆ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግንቡ ወደ ግራ አንድ ጣት እንዳዘነበለ ይናገራል። ውሃ ልክ ሳቀ። ተቋራጩ ቱንቢውን ከኪሱ አውጥቶ ክሩን አወረደ። ግንቡ ወደ ግራ አንድ ጣት አዘንብሏል። የተዛባ የቀሚስ ጫፍ ሠላሳ ዓመት ሲያይ የኖረ ዓይን ነው። ተቋራጩ ምንም ሳይል ክሩን ጠቅልሎ ሄደ፤ ቤቱ ሲደርስ ግን ለሚስቱ ሁለት ጊዜ ነገራት።

ከዚያ የመስኮቱ ቀን መጣ። ልብስ ሰፊ ሲቆርጥ ትርፍ ይተዋል። ሰው ይወፍራል፣ ሐሳቡን ይለውጣል፤ የጠበበ ልብስ መድኃኒት የለውም፣ የሰፋ ግን ይጠባል። ክቡር ዋና መሐንዲስም ለመስኮቱ ቦታ በየጎኑ አንድ አንድ ስንዝር ትርፍ ትተው ነበር። ብረታ ብረት ሠራተኛው መስኮቱን አቅፎ መጣና ወደ ቦታው ገፋው። መስኮቱ ግራና ቀኝ ሳይነካ አልፎ ወደ ግቢው ወጣ፤ ሠራተኛውም ሊከተለው ምንም አልቀረው።



«ሰፋ እንጂ አልጠበበም» አለ ልብስ ሰፊው። «ይጠባል።»

«በምን? በመርፌ?» አለ ውሃ ልክ።

የቀረው አራት ቀን ነው። እህታቸው ደውላ መኪና መከራየቷን ተናግራለች። ልብስ ሰፊው ያን ቀን ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ ዋለ፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ግን አልተሰማም። ሲመሽ የወንድሙ በር ላይ ቆመ። ሁለት ግንበኛ ለሁለት ቀን እንዲያውሰው ጠየቀ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«አንተ ግን አትምጣ» አለ ቀጥሎ።

«ለምን?»

«አንተ ከመጣህ ያንተ ሥራ ይሆናል።»

በማግሥቱ ማለዳ ሁለቱ ግንበኞች መጡ። ከኋላቸው፣ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ቱታ ለብሶ፣ ተቋራጩ ነበር።

«ተቋራጩ አልመጣም» አለ። «የመጣው የቀን ሠራተኛ ነው። ምን ልሥራ፣ ጋሼ?»

ልብስ ሰፊው አየት አደረገውና በአገጩ ወደ አሸዋው ክምር ጠቆመው። አሥራ ሁለት ሰው የሚያዝዘው ሰውዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሲሚንቶ አቦካ። ቀጠነ ተባለ፣ ወፈረ ተባለ፣ ማን ነው እንዲህ ማቡካት ያስተማረህ ተባለ። ሠራተኞቹ እንዳይታዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሳቁ።

በመጨረሻው ቀን የቀረው ከአልጋው እስከ መታጠቢያው የሚዘልቀው የእጅ መደገፊያ ብረት ነበር። ተቋራጩ በለመደው ከፍታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ወንድሙ መጥቶ ምልክቱን በአውራ ጣቱ አጠፋውና፣ ሳይለካ፣ ከዚያ አራት ጣት ዝቅ ብሎ በሳሙናው አሰመረ።

«ይሄ ለልጅ ነው፣ ጋሼ። ሁሉም ቤት የሚገጠመው እዚህ ጋ ነው።»

«ሁሉም ቤት እማዬ የለችም።»

«እሺ፣ ቢያንስ ለካው።»

«ለክቼዋለሁ።» ልብስ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባዬ ከሞተ ጀምሮ በየዓመቱ ቀሚሶቿን አሳጥራለሁ። አንዳንዴ ግማሽ ጣት፣ አንዳንዴ አንድ። እንዳታውቅብኝ ላስተኩሰው እያልኩ ሱቅ እወስደዋለሁ። እያጠረች ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ።»

ተቋራጩ መሰርሰሪያውን አነሳና በሳሙናው መስመር ላይ በሳ።

በማግሥቱ ጠዋት እናታቸው መጡ። እህታቸው ያመጣችው መኪና በር ላይ ሞተሩ አልጠፋም፤ ሹፌሩ የኋላውን ወንበር ሻንጣ እንዲይዝ አስተካክሎ ይጠብቃል። እናታቸው በሴት ልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወደ አዲሱ ክፍል ገቡና ክንዷን ለቀቁ። ቀኝ እጃቸውን፣ ሳያዩ፣ ወደ ጎን ላኩ። እጃቸው የገዛ ኪሳቸው ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ ብረቱ ላይ አረፈ። አልጎነበሱም፣ ትከሻቸውም አልተነሳም። ብቻቸውን አልጋው ድረስ ሄደው ተቀመጡና፣ መስኮቱን ዙሪያውን የከበበውን፣ ቀለሙ የተለየውን ጥገና ተመለከቱ።

«አንተ መቼም ትርፍ ሳትተው አታውቅም» አሉት ልብስ ሰፊውን። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በይ ሹፌሩን አሰናብቺው፤ ቤንዚን አይጨርስ።»

ተቋራጩ ዛሬም ቤት ሊያሠሩ የሚመጡ ደንበኞቹን እግረ መንገዱን ያቺን ክፍል ያሳያቸዋል። ማን እንደሠራት ከመጠየቃቸው በፊት «ወንድሜ ነው» ይላቸዋል፤ የመስኮቱን ጥገና ደግሞ እንዳያልፉት በጣቱ ያመለክታቸዋል።

እናታቸው በገቡበት ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች እንኳን ደህና ገቡ ሊሉ ሲመጡ፣ ልስኑ እንዳይሰነጠቅ ውሃ ሲያጠጣ ሦስት ሌሊት ያልተኛው ክቡር ዋና መሐንዲስ፣ የተረፈ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ሥራውን ከሥር መሠረቱ ያስረዳቸው ነበር። «መሠረቱን በተመለከተ፣ እኔ መጀመሪያ ያልኩት...» አለና ቆመ። ቀጣዩን ቃል ጠበቁ። አገጩ ደረቱ ላይ ወርዶ እያንኮራፋ ነበር። ተቋራጩ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ጎረቤቶቹን በእርጋታ አስወጣና ሰዓቱን አየ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፤ ልስኑን ውሃ ማጠጣት አሁን የእሱ ተራ ነው።