ክቡር ግን እና አራቱ ሴንሰሮች

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው ሁሉ ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሣ «ግን…» ብሎ የሚጀምር አንድ ሰው አለ። ከሌለ መሥሪያ ቤቱ ታሟል፤ ሐኪም ይጠራለት።

አንዲት ኃላፊ በምትመራው ላቦራቶሪ ይህን ማዕረግ የያዘው ቀጭኑ የሌዘር ባለሙያ ነው። ስሙ ከተረሳ ቆየ፤ «ክቡር ግን» ይሉታል። እናቱ «ልጄ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥህ» ብትመርቀው «ግን በጤና ነው?» ብሏታል አሉ። የሥራ ባልደረባው መኪና ገዝቶ ቁልፉን ሲያሳየው እንኳን ደስ አለህ አላለም፤ «ግን ፍሬኑን አየኸው?» አለ። ፍሬኑ አይሠራም ነበር። ክቡርነታቸውን የሚያስጠላቸውም ይኸው ነው።

ላቦራቶሪው ውስጥ በአራት ክፍሎች አራት ሴንሰሮች አሉ፤ ኢምንት የማግኔት ለውጥ ያዳምጣሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲሆን የገዛ ብርሃኑ ይረብሸዋል። ብርሃናቸው በኳንተም ቁርኝት ሲተሳሰር አራቱ እንደ አንድ ጆሮ ይሆናሉ፤ ረብሻቸው ይቀንሳል፣ የጋራው መልእክት ጎልቶ ይሰማል። ባለሙያዎቹ እንዲህ መሆኑን ካላሳዩ ፕሮጀክቱ ይዘጋል። ይህን የሚወስኑት እንግዶች ሐሙስ ይመጣሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ስክሪኑ ላይ ረብሻው በግማሽ ወርዶ ታየ። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ።

«ግን አለቃ፣» አለ ክቡር ግን፣ «ለተነጣጠሉት ሴንሰሮች የተሳሰሩትን ያህል ብርሃን ሰጥተናቸዋል?»

«አንተ ደግሞ! ዛሬን እንኳ ማረን!» አለችው ኃላፊዋ።

«እነሱን የለካናቸው በአሮጌው ሌዘር ነው፤ ደብዛዛ ነበር። አንዱን አስርበን፣ ሌላውን አጥግበን፣ የጠገበው ቀደመ ብለን ልናጨበጭብ ነው?»

ኃላፊዋ ደሟ ፈላ። ሰው ሲሳሳት ይነቀፋል፤ ልክ ሲሆን ይጠላል። ዝም ብላ ብታልፈው ማን ያውቅባታል? ስንቱ ቢሮ አይደል እንዴ ውሸቱን በባለቀለም ስላይድ ጠቅልሎ ደመወዝ የሚበላው! እሷም ስላይዱን አንዴ አየችው፤ ያምራል። ከዚያ ዘጋችው።

«ሌዘሩን አስተካክሉ። ሁለቱንም በእኩል ብርሃን እንደገና እንለካለን።»

ረቡዕ ማታ ግማሽ የነበረው የረብሻ ቅናሽ ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ።

«አነሰች» አለች ኃላፊዋ።

«አነሰች። የመጣችው ከቁርኝቱ ነው እንጂ ከመብራቱ አይደለም።»

ሐሙስ ለእንግዶቹ ያቺኑ ትንሿን ቁጥር ሳትቀባባ አሳየች። ፊታቸው አልፈካም። ፕሮጀክቱንም አልዘጉትም፤ ተጨማሪ አንድ ዓመት ሰጡት።

እንግዶቹ ሲሄዱ የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር ወደ ጥግ ወሰዳት። «ያ ሰውዬ አስመርሮሻል አሉ። ወደ ሌላ ክፍል ላዛውርልሽ?»

«እሱን? በሞቴ፣ ከእሱ በፊት እኔን ያዛውሩኝ!»

ዳይሬክተሩ ግራ ገብቶት ቀረ። እሷ በቀጥታ ወደ ክቡርነታቸው ጠረጴዛ ሄደች። ስምንት ሴንሰሮችን የሚያገናኘውን፣ ለማንም ያላሳየችውን አዲስ ንድፍ ፊቱ ዘረጋች፤ ወንበር ስባም አጠገቡ ተቀመጠች።

«በል እንግዲህ፣» አለችው፣ «ንድፉን ሳልወደው በፊት አፍርስልኝ።»